«መብራቱ ደክሟል» ስንል የምንስታቸው ነገሮች

የበዓል ዋዜማ ምሽት ነው። አምፖሉ ቢጫ ሆኗል፣ ምጣዱ ላይ የተዘረጋው ሊጥ ዓይን አላወጣ ብሏል፣ ጎረቤት በአጥሩ በኩል «እናንተም ጋ ደክሟል?» ትላለች። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ምክንያት ይዞ ይመጣል።

«ግድቡ ውሃ ቢያንሰው ነው።»
አይደለም። የሕዳሴ ግድብ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ የእናንተን ሰፈር ለይቶ የሚያደክምበት መንገድ ግን የለውም። ማመንጫ ሲያጥር ቀድሞ የሚናጋው በመላው መረብ አንድ ዓይነት የሆነው 50 ኸርዝ (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ነው፤ ውጤቱም አብዛኛውን ጊዜ ፈረቃ ነው። መብራት ሲደክም የሚወርደው ቮልቴጅ ግን የሰፈር ጉዳይ ነው። ብዙ ሰፈር 15 ኪሎ ቮልት ትራንስፎርመሩ ድረስ ይመጣል፣ 380/220 ቮልት (በኃይል ሽቦዎቹ መካከል 380፣ ቤት የሚገባው 220) ሆኖ ይወጣል፣ የቀረው ሽቦው ላይ ይበላል።

ምን ያህል? 4 ኪሎ ዋት ምጣድ 18 አምፔር ገደማ ይስባል። 25 ካሬ ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ሽቦ በኪሎ ሜትር 1.2 ኦም ያህል ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪኩን የሚገታ እንቅፋት) አለው። ቤታችሁ ከትራንስፎርመሩ 400 ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ 0.96 ኦም ነው። ሲባዛ 17 ቮልት፣ ያውም በአንድ ምጣድ! ጎረቤትም በዚያው ፌዝ (ከትራንስፎርመሩ ከሚወጡት ሦስት የኃይል ሽቦዎች አንዱ) ከሰካች ወደ 35 ይጠጋል። 220 የነበረው 180 ሲሆን ደግሞ የምጣዱ ኃይል በሲሶ ይወርዳል፤ የሚወርደው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነውና።

«ትራንስፎርመሩ በትልቅ ይቀየርልን።»
መጀመሪያ ይለካ። ምሽት ላይ ትራንስፎርመሩ ሥር 225፣ እናንተ ጋ 180 ከሆነ ጥፋቱ የሽቦው ነው፤ ሽቦው ይወፍር ወይም ሌላ ትራንስፎርመር ይቅረብ። ከሁሉ ርካሹን ግን የሚጠይቅ አላየሁም፦ ቤቶቹን በሦስቱ ፌዞች ላይ እኩል ማከፋፈል። ቆጣሪ ሲገባ ለእጅ የቀረበው ፌዝ ላይ ይቀጠላል፤ ከዓመታት በኋላ አንዱ ፌዝ ሰፈሩን ሁሉ ተሸክሞ ይገኛል። ለዚህ መሰላልና መፍቻ ይበቃል።

«እሺ፣ እዚያው ላይ ከፍ ያድርጉልን።»
ትራንስፎርመሩ የቮልቴጅ ማስተካከያ አለው። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ደረጃ ነው፣ እያንዳንዱ 2.5 በመቶ፣ የሚዞረውም መብራቱ ጠፍቶ ነው። ሁለት ደረጃ ማለት 11 ቮልት ገደማ። ችግሩ እኩለ ሌሊት ነው፤ ምጣድ ሁሉ ሲነቀል ከፍ የተደረገው ቮልቴጅ ምሰሶው ሥር ያለውን ቤት ያጥለቀልቃል። እንደ ጭነቱ ራሱን የሚያስተካክለው ዓይነት በአብዛኛው ያለው ሰብስቴሽን (ዋናው ማከፋፈያ ጣቢያ) ውስጥ ነው።

«ስታቢላይዘር ገዛሁ፣ አለቀ።»
ለእናንተ ይሆናል። በ220 ቮልት 4.5 አምፔር የሚበቃውን ዕቃ፣ ስታቢላይዘሩ ከ180 ቮልት መስመር 5.6 አምፔር ስቦ ያስተናግደዋል። የመስመሩ መጨረሻ ላይ ያሉት ጎረቤቶች ይበልጥ ይደክማሉ፣ እነሱም ይገዛሉ፣ ሰፈሩ ሲጓተት ያድራል።

«የሚያቃጥለው ከፍተኛው ብቻ ነው።»
ፍሪጁን ስሙት። ሊነሳ ይሞክራል፣ ያጉረመርማል፣ ቀጭ ብሎ ያቆማል፣ ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና። ሞተሩ ለመነሳት አቅም አጥቶ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ አምፔር እየጠጣ ነው፤ ጥቅልሉን የሚያነደው ይህ ነው። መብራቱ እስኪመለስ ንቀሉት።

አንድ ምልክት ግን ከድካም ጋር አይምታታ፦ የአንዱ ቤት አምፖል ሲደበዝዝ የሌላው በድንገት ከቦገገ፣ ኒውትራሉ (ቤቶቹ የሚጋሩት መመለሻ ሽቦ) ተበጥሷል። ቮልቴጁ ወደ 380 ሊገሰግስ ይችላል፤ ወዲያው ዋናውን ማጥፊያ አውርዱና ለጎረቤትም ጮኻችሁ ንገሩ።