ማሳ ላይ የተቀበረ ሴንሰር፦ የሚባለውና እውነታው

የአፈር እርጥበት ሴንሰር ሲነሳ ከገበሬውም ከባለሙያውም የሚሰማው ነገር ተመሳሳይ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ላዩ ከደረቀ ሰብሉ ውሃ ጠምቶታል»

ፀሐይና ነፋስ ቀድመው የሚያደርቁት የላይኛውን ጥቂት ሳንቲሜትር ነው። ሥሩ ያለበት ገና እርጥብ ሊሆን ይችላል። ካሚሊዮን የሚባለው የአውስትራሊያ መሣሪያ ይሄን በደንብ ያሳያል። ሴንሰሮቹ በተለያየ ጥልቀት ይቀበራሉ። ማንበቢያው ሲሰካ ለእያንዳንዱ ጥልቀት አንድ መብራት ይበራል፦ ሰማያዊ ከሆነ እርጥብ፣ አረንጓዴ ከሆነ መካከለኛ፣ ቀይ ከሆነ ደረቅ። ሰብሉ ሥር ሰዶ ላይኛው መብራት ቀይ፣ የታችኞቹ ሰማያዊ ከሆኑ ውሃው ይቆይ። ሥሩ ገና ላይ ላዩን ላለ ችግኝ ግን ይሄ አይሠራም።

«ውሃ በበዛ ቁጥር ምርት ይበዛል»

ይሄኛው ኪስም ይጎዳል። ውሃ አፈሩን ሲሞላው አየር ይወጣል፤ ሥሩም ይታፈናል። ከሥር በታች የሚወርደው ውሃ ደግሞ ባዶውን አይወርድም፤ በስንት ብር የተገዛውን ዩሪያ ይዞ ነው። ይሄንን በዓይን ማየት ይቻላል። ፉልስቶፕ የተባለው መሣሪያ ላዩ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ የሆነ ነገር ነው፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ሆኖ ጥንድ ጥንድ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ውሃ ሲደርሰው ላዩ ላይ ያለው ምልክት ብቅ ይላል። ውስጡ የቀረችውን ውሃ በሲሪንጅ ስቦ ናይትሬት መለኪያ ወረቀት መንከር ነው፤ ናይትሬት ማለት ዩሪያው አፈር ውስጥ የሚለወጥበት ንጥረ ነገር ነው። ከታችኛው መሣሪያ የወጣው ውሃ ወረቀቱን ካደመቀው፣ ማዳበሪያው ሰብሉን አልፎ እየሄደ ነው።

«ሴንሰር ለተማረ ሰው ነው»

ፉልስቶፕ ባትሪ እንኳን የለውም። ካሚሊዮንን ለማንበብ ሦስት ቀለም መለየት ይበቃል።

«20 በመቶ እርጥበት የትም 20 በመቶ ነው»

አይደለም። አሸዋማ አፈር ላይ ይሄ ቁጥር ከበቂ በላይ ነው። ዋልካ ላይ ግን ሰብሉ ሊጠወልግ ይችላል፤ ሸክላው ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዘው ሥሩ መሳብ ያቅተዋል። ካሚሊዮን በመቶኛ የማይናገረውም ለዚህ ነው፤ የሚለካው ሥሩ ውሃውን ለመሳብ ምን ያህል እንደሚቸገር ነው።

«ሳተላይት እያለ መቅበር ለምን?»

ሳተላይት ሰፊ ማሳ ለማየት ግሩም ነው። ሴንቲኔል-2 በየ5 ቀኑ ያልፋል፤ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታም ይለያል። ክረምት ላይ ግን ደመና ይጋርደዋል። ደግሞ የሚያየው የቅጠሉን አረንጓዴነት ነው፤ ቅጠሉ ቀለም ሲቀይር ሰብሉ ከተጠማ ሰነባብቷል።

«ሴንሰር ከገባ የውሃ ነገር አለቀ»

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። መራዊ አጠገብ ያለው ቆጋ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራ መስኖ ነው፤ ፉልስቶፕም እዚያ ተሞክሯል። እንዲህ ባለ መስኖ ውሃ የሚደርሰው በተራ ነው። ተራው የደረሰ ገበሬ መብራቱ ሰማያዊ ቢሆንም ያጠጣል። ምን ያድርግ? ዛሬ ካለፈው ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ እርግጠኛ አይደለም። ስለዚህ የሴንሰሩ ንባብ ገበሬው ጋ ብቻ ከቀረ ፋይዳው ትንሽ ነው። ተራ የሚያወጡት የውሃ አባቶችም ሊያዩት፣ ማሳው ገና እርጥብ የሆነበት ገበሬም ተራውን ሳያጣ ውሃውን ለጎረቤቱ ማሳለፍ መቻል አለበት።