ሱዲር ፓትዋርዳን፦ ሙምባይን የሳሉት የራጅ ሐኪም

ሱዲር ፓትዋርዳን የዘመናችን ሕንዳዊ ሠዓሊ ናቸው። ሥዕሎቻቸው በአብዛኛው ስለ ሙምባይና ስለ ጎረቤቷ ታኔ ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1949 ፑኔ ውስጥ ተወለዱ። እዚያው ካለው የጦር ኃይሎች የሕክምና ኮሌጅ በ1972 ተመረቁ። በዓመቱ ሙምባይ ገቡ፤ ያኔ ቦምቤይ ትባል ነበር። ከ1975 እስከ 2005 ታኔ ውስጥ በራዲዮሎጂ ሐኪምነት ሠሩ። ሥዕልን ራሳቸውን በራሳቸው ነው ያስተማሩት። ራጅ ሲያነቡ ይውላሉ፤ የተረፈው ሰዓት የሸራው ነው። «የትርፍ ሰዓት ሠዓሊ» ብሎ የሚያቃልላቸው ካለ ሥዕሎቹን በደንብ አላየም።

በወጣትነታቸው የግራ ፖለቲካ ይስባቸው ነበር። የሚስሉትም የከተማውን ላብ አደር ሆነ። የ1977ቱ «ኢራኒ ሬስቶራንት» ከኢራን የመጡ ዞራስትራውያን (የጥንቱ የፋርስ ሃይማኖት ተከታዮች) ከከፈቷቸው ርካሽ ሻይ ቤቶች በአንዱ የተቀመጠ ተራ ሰው ያሳያል። በ1980 «ባቡር» መጣ። ሙምባይን የሚያውቅ ሰው ያንን ግፊያ ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ1984ቱ «ከተማ» ደግሞ ሸራው በሰውና በሕንፃ ተሞላ።

በ1981 ከሠዓሊዎቹ ከቡፔን ካካር፣ ከጉላም መሐመድ ሼክ፣ ከናሊኒ ማላኒ፣ ከቪቫን ሱንዳራምና ከጆገን ቾውዱሪ ጋር «ቦታ ለሰዎች» በተባለው ዐውደ ርእይ ቀረቡ። ዐውደ ርእዩ ለሕንድ ሥዕል መታጠፊያ ነበር የሚሉ አሉ፤ ትንሽ ማጋነን ሊሆን ይችላል። ሰውንና ታሪኩን ወደ ሸራው መሐል መመለሱ ግን አያከራክርም። ሐኪም ስለ ላብ አደሩ ምን አገባው የሚል ጥያቄም ይነሳል። ጥያቄውን ራሳቸውም አልሸሹትም።

በጥር 1982 በሠራተኛ ማኅበር መሪው በዳታ ሳማንት አስተባባሪነት የሙምባይ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ሩብ ሚሊዮን ያህል ነበሩ። አድማው ከሸፈ፤ ፋብሪካዎቹም እያደር ተዘጉ። በቦታቸው የገበያ ማዕከልና ፎቅ በቀለ። የ2001ዱ «ሎወር ፓሬል» የሚያሳየው ይህንኑ የፋብሪካ ሠፈር ነው። የ1990ዎቹ ሥዕሎቻቸው የሃይማኖት ግጭትንም ይዳስሳሉ።

በ2005 ሕክምናውን ትተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለሥዕል ሰጡ። «የሙምባይ ምሳሌዎች» የተሰኘው ባለ ሰባት ክፍል ሥዕል የ2014 ሥራ ነው። በ2019 መጨረሻ የሙምባይ ብሔራዊ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ጋለሪ የዘመን ሥራቸውን ሰብስቦ አሳየ፤ አዘጋጇ ናንሲ አዳጃኒያ ነበሩ።