ጉልበት ተቀይሮም የማይለቅ ሕመም ምንድን ነው?

ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ጠዋት ጠዋት ወክ የሚያደርጉ እናቶች ወሬ ዞሮ ዞሮ ጉልበት ላይ ያርፋል። አንዷ "ቀየሩልኝ፣ ተገላገልኩ" ይላሉ። ሌላዋ ደግሞ "ብረቱ ገባ፣ ሕመሙ ግን አልወጣም"።

የሁለተኛዋ ችግር በሕክምና ስም አለው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሥር የሰደደ ሕመም ይባላል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የጀመረ ወይም የባሰ፣ ቢያንስ 3 ወር የቆየ ሕመም ማለት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለጉልበት 3 ወር ገና ነው። የተቀየረ ጉልበት ለወራት ሊያብጥና ሊሞቅ ይችላል፤ እስከ ዓመት ድረስም እየተሻለው ይሄዳል። ያም ሆኖ ከ5 ሰው 1ዱ ገደማ ከዚያ በኋላም የሚያስቸግር ሕመም ይዞ ይቀራል።

እንዴት? ሐኪሙ ያለቀውን የአጥንት ጫፍ ቆርጦ በብረትና በፕላስቲክ ይተካዋል። አጥንት ከአጥንት መፋተጉ ያበቃል። ሕመም ግን ጉልበት ላይ ብቻ አይኖርም። ለዓመታት ሲያመን የኖረ እንደሆነ ነርቮች፣ ሕብለ ሰረሰርና አንጎል ሳይቀሩ ስሱ ይሆናሉ። መጮህ የለመደ ውሻ ሌባው ከሄደ በኋላም ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይጮኻል።

ታዲያ ማን እንደሚያመው አስቀድሞ ይታወቃል? በከፊል። ራጅ ብቻውን ብዙ አይነግርም። እንዲያውም ራጁ ላይ ጉዳቱ ቀላል ሆኖ ሕመሙ የበረታበት ሰው ከቅየራው የሚያገኘው ጥቅም ብዙ ጊዜ ያንሳል። ከራጁ ይልቅ የሚጠቁሙ ነገሮች አሉ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሕመሙ ምን ያህል ከባድ ነበር? ወገብ፣ ትከሻ፣ ሌላም ቦታ ያማል? እንቅልፍስ? ጭንቀት፣ ድብርት፣ "እኔ እንደሆን አልድንም" የሚል ሐሳብ፣ እንደ ትራማዶል ያለ ማስታገሻ ለረጅም ጊዜ መውሰድ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚበረታ ሕመምም እንደዚያው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቀየማል። "ጉልበቴን ላሳይ መጥቼ ስለ እንቅልፌ ምን አስጠየቀው?" ዶክተሩ ግን ሕመሙ የውሸት ነው እያለ አይደለም። ሳይደብቁ መመለስ ነው የሚያዋጣው። ደግሞ ምልክቱ ሁሉ ያለበት ሰውም በደንብ ሊሻለው ይችላል።

መንበርከክ ለብቻው መነሳት አለበት። ከቅየራ በኋላ ብዙዎች ለስግደትም ለሶላትም መንበርከክ ይከብዳቸዋል። ጠባሳው አጠገብ ያለው ቆዳም ሊደነዝዝ ይችላል፤ ትንንሽ የቆዳ ነርቮች ስለሚቆረጡ ነው። ይህን ቀድሞ ያልሰማ ሰው ኦፕራሲዮኑ የተበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህ ገና ሳይፈርሙ "ተንበርክኬ መስገድ እችላለሁ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሕመሙ ከቆየ ወደ ነርቭ ከመሄዳችን በፊት ሌላው ይጣራ። ኢንፌክሽን፣ የተተከለው አካል መላላት፣ ከዳሌ ወይም ከወገብ ተነስቶ ጉልበት ላይ የሚሰማ ሕመም ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ወይም መግል፣ ድንገተኛ የባት እብጠት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው። ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸት አይሆንም።

ሁሉም ተጣርቶ ምንም ካልተገኘ ሕክምናው ፊዚዮቴራፒ፣ ቀስ በቀስ የሚጨምር እንቅስቃሴ፣ እንቅልፍን ማስተካከልና ሐኪሙ ካዘዘ የነርቭ ሕመም መድኃኒት ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ ጉልበቱን ድጋሚ መክፈት ብዙ ጊዜ አይጠቅምም።