1811 ኢስትሌክ፦ ጠጪን የማያባርር ቤት

በሲያትል ከተማ፣ ኢስትሌክ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ የቤት ቁጥሩ 1811 የሆነ ሕንፃ አለ። ስሙም አድራሻው ነው፤ ሌላ ስም አልወጣለትም። 75 መኖሪያዎች አሉት። ነዋሪዎቹ ለዓመታት ውጭ ያደሩና መጠጥ ክፉኛ የተጣባቸው ሰዎች ናቸው። ቤቱ ከገቡ በኋላም መጠጣት አይከለከሉም፣ በገዛ ክፍላቸው እስከሆነ ድረስ። በ2005 መጨረሻ በሩ ሲከፈት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ብዙ ሰው ያንጫጫውም ይህ ፈቃድ ነበር።

ቤቱ «ቋሚ የድጋፍ መኖሪያ» ከሚባለው ዓይነት ነው። ስሙ የቢሮ ደብዳቤ ስለሚመስል ፈታ እናድርገው። ሼልተር የሌሊት ማደሪያ ነው፤ ማታ ተሰልፎ መግባት፣ ብዙ ቦታ ደግሞ ጠዋት ዕቃን ሸክፎ መውጣት። የሽግግር ቤት ትንሽ ይሻላል፤ ግን ቀን ተቆርጦለታል። ቋሚ የድጋፍ መኖሪያ ኪራይ ቤት ነው። ነዋሪው ውል ይፈርማል፣ ቁልፍ ይቀበላል፣ በሩን ከውስጥ ይቆልፋል። ኪራዩ በአብዛኛው ከገቢው 30 በመቶ ነው፤ የቀረውን የመንግሥት ድጎማ ይሸፍናል። እንደ ማንኛውም ተከራይ ውሉን እስካከበረ ድረስ ውጣ የሚባልበት ቀን የለም።

«ድጋፍ» የሚለው ደግሞ ሰው ነው። ሌሊትና ቀን የሚፈራረቁ የፊት ዴስክ ሠራተኞች፣ ነርስ፣ እና አሜሪካ ያለው አበሻ ሳይተረጉም «ኬዝ ማናጀር» የሚለው ሠራተኛ። የጠፋ መታወቂያ ያስወጣል፣ የሐኪም ቀጠሮ ያስታውሳል፣ የድጎማ ፎርም ይሞላል። ነዋሪው አልፈልግም ካለ ግን አይገደድም። ሱሱን ስላልታከመ ቤቱን አይቀማም።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚች ላይ ነው። ቀድሞ የነበረው አሠራር መሰላል ይመስል ነበር። መጀመሪያ መጠጥ ተው፣ መድኃኒትህን ውሰድ፣ ከዚያ ሼልተር፣ ቀጥሎ የሽግግር ቤት። መጨረሻ ላይ «ለቤት ደርሰሃል» ከተባልክ ቤት ይሰጥሃል። ግን ውጭ እያደረ መጠጥ የሚተው ስንቱ ነው? ብርዱን የሚያስረሳው እኮ እሱ ነው! ብዙ ሰው ከመሰላሉ እየወደቀ ተመልሶ ከታች ይጀምር ነበር። በ1992 ሳም ሴምበሪስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ኒውዮርክ ላይ ፓትዌይስ ቱ ሃውሲንግ የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። መጀመሪያ ቤት፣ ሌላው በኋላ። «ሃውሲንግ ፈርስት» ማለት ይኸው ነው። የእሱ ድርጅት በከተማው ተበታትነው ያሉ ተራ አፓርታማዎችን እየተከራየ ሰው ያስገባ ነበር። 1811 ግን ሁሉንም አንድ ሕንፃ ውስጥ ያኖራል። ሁለቱም መንገድ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የተበታተነው ከጎረቤት ያመሳስላል፤ አንድ ላይ ያለው ደግሞ የታመመውን ቶሎ ለማየት ይመቻል።

ማንም ተነስቶ አይገባም። በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ትርጉም ቅድሚያ የሚያገኘው የቆየ ቤት አልባ የሚባለው ነው። አካል ጉዳት፣ የአእምሮ ሕመም ወይም ሱስ ኖሮበት 12 ወር በተከታታይ ውጭ ወይም ሼልተር ያደረ ሰው ማለት ነው። አለዚያም በሦስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አራት ጊዜ ሜዳ ላይ ወድቆ፣ ጊዜው ሲደመር 12 ወር የሞላው።

1811ን የሠራው ከ1979 ጀምሮ ሲያትል ውስጥ ሼልተር ሲያካሂድ የኖረው ዳውንታውን ኢመርጀንሲ ሰርቪስ ሴንተር ነው። አካባቢው ያሉ የሕንፃ ባለቤቶች ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተሟግተዋል። በግብር ከፋዩ ገንዘብ ሰካራም ማኖር ነው ያሉም ብዙ ነበሩ። የድርጅቱ መልስ በሒሳብ ነበር። ነዋሪዎቹን የመረጠው ለሕዝብ ካዝና በጣም ውድ ከሆኑት ዝርዝር ነው፦ አምቡላንስ፣ ድንገተኛ ክፍል፣ የስካር ማብረጃ ጣቢያና እስር ቤት ከሚመላለሱት።

የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት በ2009 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ታተመ። 1811 ውስጥ ቤት ያገኙ 95 ሰዎችን ወረፋ ላይ ከነበሩ 39 ጋር ያነጻጽራል። ቤት ከማግኘታቸው በፊት በነበረው ዓመት የመካከለኛው ሰው ወጪ በወር 4,066 ዶላር ነበር። ከዓመት በኋላ 958 ሆነ። የቤቱ ወጪ ተይዞም እንኳ፣ በመጀመሪያው ስድስት ወር ከወረፋው ሰዎች ጋር ሲነጻጸር በአንድ ሰው በወር በአማካይ 2,449 ዶላር ተረፈ። የሚገርመው መጠጡ ነው። ማንም ተው ሳይላቸው በቀን ከ15.7 መለኪያ ወደ 10.6 ወረደ። አሁንም ብዙ ነው፣ አይካድም። ግን የወረደው በቁጣና በግዴታ አይደለም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቁጠባው ይህን ያህል የሆነው ሆን ተብሎ በጣም ውድ የነበሩት ስለተመረጡ ነው። ብዙ ወጪ የማያስወጣ ሰው ቤት ሲገባ ቤቱ ራሱን ላይከፍል ይችላል። ለእኔ «ያተርፋል» የሚለው ክርክር ፖለቲከኛ ለማሳመን ጠቀመ እንጂ፣ ሰው በር ያለው ቤት የሚገባው ርካሽ ስለሚሆን ብቻ አይመስለኝም። ሌላም አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2018 ባወጡት ሪፖርት ይህ ዓይነቱ መኖሪያ ሰውን ቤት ውስጥ እንደሚያቆይ፣ ጤናን እንደሚያሻሽል ግን በቂ ማስረጃ እንዳልተገኘ ጽፈዋል። አብዛኛው ሰው የሚገባው አካሉ ካለቀ በኋላ ነው። ጉበትና ሳንባ በቁልፍ አይድኑም።

ካናዳ ከ2009 ጀምሮ በአምስት ከተሞች፣ ከ2,000 በላይ ሰዎችን በዕጣ መድባ ሞክራዋለች። እዚያም መጀመሪያ ቤት የተሰጣቸው ሰዎች ቤት ውስጥ በመቆየት ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። ፊንላንድ የበለጠ ሄደች። ከ2008 ጀምሮ የአገር ፖሊሲ አድርጋው ሼልተሮቿን ወደ አፓርታማ ቀየረች። ቀድሞውንም በ1985 የተመሠረተ ዋይ ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት ነበራት፤ ሥራው ቤት ገዝቶ ለቤት አልባ ማከራየት ነው። ቤት ሳይኖር «መጀመሪያ ቤት» ማለት ባዶ ወሬ ስለሚሆን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አሜሪካ የጎደላትም በዋናነት ይኸው ነው። ሲያትልን በመሰሉ ኪራይ በናረባቸው ከተሞች ብቁ ነህ የተባለ ሰው ራሱ ወረፋ ላይ ይቆያል።

የነዋሪው ውል መውጫ ቀን ባይኖረውም፣ ከበስተጀርባው ካለው የፌዴራል ገንዘብ ብዙው በየዓመቱ የሚታደስ ነው። በሐምሌ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሃውሲንግ ፈርስትን መደገፍ እንዲያቆሙ የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ። ሱስ ወይም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው እርዳታውን ሲያገኝ ሕክምና እንዲወስድ እንዲጠየቅም ትእዛዙ ያመለክታል።