ስለ ጋና ነፃነት የሚባለውና እውነታው

ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ጋና ከአፍሪካ መጀመሪያ ነፃ የወጣች አገር ናት።»
ሊቢያ በ1951፣ ሱዳን፣ ሞሮኮና ቱኒዚያ በ1956 ቀድመዋታል። ላይቤሪያማ በ1847 ሪፐብሊክ ሆናለች። የእኛን መጥቀስም አያስፈልግም። «የመጀመሪያዋ» የሚለው የሚያስኬደው ሱዳንን ከሰሜኖቹ ጋር ስንቆጥራትና ከሰሃራ በታች ስላሉት ቅኝ ግዛቶች ብቻ ስናወራ ነው።

«እንግሊዞች ጋና የምትባል አንዲት አገር ይገዙ ነበር።»
በአንድ አገረ ገዥ ሥር የነበሩት አራት ቁራጮች ናቸው፦ በ1874 ቅኝ ግዛት የተባለው የባሕር ዳርቻው ጎልድ ኮስት፣ ያ አሳንቴዋ የምትባል ንግሥት እናት ከመራችው የ1900 ጦርነት በኋላ የተጠቀለለው አሻንቲ፣ የሰሜን ግዛቶች፣ እንዲሁም ከጀርመን ተወስዶ በሞግዚትነት የተያዘው ምዕራባዊ ቶጎላንድ። ቶጎላንድ የተቀላቀለው በ1956 ሕዝበ ውሳኔ ነው። በድምሩ 58 በመቶ ያህሉ ውሕደቱን ቢደግፍም በደቡቡ ክፍል የሚበዛው ድምፅ ተቃውሞ ነበር። ስሙም ቢሆን መታሰቢያ ነው፤ የጥንቱ የጋና መንግሥት የነበረው በዛሬዎቹ ሞሪታኒያና ማሊ ምድር ነው።

«የኮኮዋ ሀብቱ የነጮች እርሻ ሥራ ነው።»
ይህ ከሁሉም የባሰ ስህተት ነው። ቴቴ ኳርሺ የሚባል አንጥረኛ በ1879 ከፈርናንዶ ፖ ደሴት ፍሬ ይዞ መጥቶ ማምፖንግ ላይ ተከለ። ትናንሽ ባለ ማሳዎች ተቀባበሉት፤ በ1911 አገሪቱ ከዓለም አንደኛ አምራች ሆነች። ቀጥሎ ቀንበጥ የሚያሳብጥ ቫይረስ ገባ። የሚያዛምተው ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ትንሽ ተባይ ነው። መድኃኒት ስላልነበረው መንግሥት ዛፉን ማስቆረጥ ያዘ። ችግሩ፣ የታመመ ዛፍ ወዲያው አይደርቅም፤ ገና ፍሬ እየሰጠ ይቆያል። ለገበሬው የተቆረጠው በሽታ ሳይሆን የዓመት ገቢው ነው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1948 አክራ ውስጥ አቤቱታ ይዘው ወደ ገዥው ቤተ መንግሥት ከሚያመሩ የጦር ተመላሾች ሦስቱ ተተኩሶባቸው ሲሞቱ ለተነሳው ሁከት፣ አጣሪው ኮሚሽን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ የመዘገበው ይህንኑ ቆረጣ ነው።

«የነፃነት ትግሉ መሪ ክዋሜ ንክሩማ ከእስር ቤት ወጥቶ ፕሬዚዳንት ሆነ።»
መሐል ላይ ዘጠኝ ዓመት አለ። በፌብሩዋሪ 1951 ምርጫ ጄምስ ፎርት እስር ቤት ሆኖ ተወዳደረና ከ23,122 ድምፅ 22,780 አገኘ። ተፈቶ መጀመሪያ የመንግሥት ሥራ መሪ፣ በ1952 ጠቅላይ ሚኒስትር ተባለ። ማርች 6 ቀን 1957 ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል እንኳ ርዕሰ ብሔሯ ንግሥት ኤልሳቤጥ ነበረች፤ አክራ ላይም እንደራሴዋ ተቀምጦ ነበር። ያ የቀረው ጁላይ 1 ቀን 1960 ሪፐብሊክ ሲታወጅ ነው።

«ሰንደቅ ዓላማው ከ1957 ጀምሮ አልተለወጠም።»
ቴዎዶስያ ኦኮ ከኢትዮጵያ ባንዲራ ቀለማት ተነስታ የነደፈችው ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ነው፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ኮከብ አለ። በ1964 አገሪቱ የአንድ ፓርቲ መንግሥት ስትሆን ቢጫው ተነስቶ የፓርቲው ነጭ ገባበት። ንክሩማ ለጉብኝት ወደ እስያ በሄደበት፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1966 ወታደሮች ገለበጡት፤ ቢጫውም ወደ ቦታው ተመለሰ።