«ከሆስፒታል ወጥቷል፤ ከእንግዲህ የኛ ዕዳ ነው»፦ ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ካውንስል የሚባሉ የተሳሳቱ ነገሮች

እዚህ ለንደን ሆስፒታልና ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ከሚመላለሱ የሐበሻ ቤተሰቦች ጋር አብሬ እየሄድኩ አስተረጉማለሁ፤ ቅጽም እሞላለሁ። በዚህ ሥራ ከምሰማው ሁሉ እንደ ርእሱ አባባል የሚያናድደኝ የለም። እናት ሥራዋን ትተዋለች፣ እህት ከደመወዟ ትቆርሳለች፣ ዕድሩ መዋጮ ይሰበስባል፤ በሕግ ግዴታ ያለበት ካውንስል ግን ጠያቂ ስላጣ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

«ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ የመንግሥት ድጋፍ የለም»

አለ። በእንግሊዝና በዌልስ የ1983ቱ የአእምሮ ጤና ሕግ ሴክሽን (አንቀጽ) 117፣ በሴክሽን 3፣ ማለትም ያለ ፈቃዱ ለሕክምና፣ ተይዞ የታከመ ሰው ሲወጣ ከሕመሙ ጋር የተያያዘውን ድጋፍ ካውንስሉና የአካባቢው የጤና ቦርድ በጋራ እንዲያቀርቡለት ያስገድዳል። አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ ደመወዝም ቁጠባም አይታይም። በ2002 በጊዜው የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ካውንስሎች ለዚህ ማስከፈል እንደማይችሉ ወስኗል። ቤት ድረስ የሚመጣ ደጋፊ፣ የቀን ማዕከል፣ ሠራተኛ ያለበት መኖሪያ በዚህ ሊሸፈኑ ይችላሉ። ተራ የቤት ኪራይ ግን አይሸፈንም።

አንድ እናት ልጃቸው ላረፈበት ሠራተኛ ያለበት መኖሪያ በየወሩ ከኪሳቸው ይከፍሉ ነበር። በየትኛው ሴክሽን ተይዞ እንደነበር የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ሳየው ሴክሽን 3 ይላል። ደብዳቤ ጻፍን፤ ካውንስሉ ማስከፈሉን አቆመ፣ የተከፈለውንም መለሰ።

ስለዚህ ዘመድዎ ሆስፒታል ሲገባ ቀድመው «በየትኛው ሴክሽን?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። እስከ 28 ቀን ለምርመራ የሚያስይዘው ሴክሽን 2 ብቻውን ይህን መብት አይሰጥም። በሴክሽን 3 ከተያዘ ሳይወጣ በፊት የድጋፍ ዕቅድ እንዲዘጋጅ ይጠይቁ፤ ስብሰባ ሲጠራም አስተርጓሚ እንዲቀርብ ይንገሯቸው። ትንንሽ ልጆችን አታስተርጉሙ! ድጋፉ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ጊዜ ስላለፈ፣ ሰውዬው ደህና ስለሆነ ወይም ሰፈር ስለቀየረ ብቻ አይቋረጥም። ካውንስሉም የጤና ቦርዱም ከእንግዲህ እንደማያስፈልገው ገምግመው መስማማት አለባቸው። ደህና ያደረገው ድጋፉ ራሱ ሊሆን ይችላላ።

«በፈቃዱ ስለታከመ ምንም አይገባውም»

ሴክሽን 117 አይመለከተውም እንጂ የ2014ቱ ኬር አክት (የአዋቂዎች እንክብካቤ ሕግ) ይመለከተዋል። በእንግሊዝ ካውንስሉ ድጋፍ የሚያስፈልገው የሚመስል አዋቂን ሁሉ፣ ሀብቱን ሳያይ፣ የመገምገም ግዴታ አለበት። ሕጉ ምግብ፣ ንጽሕና፣ ቤት አያያዝ፣ ከሰው ጋር መገናኘት፣ ሥራና ትምህርት፣ ልጅ መንከባከብ የመሳሰሉ ዐሥር ነገሮችን ይዘረዝራል። በሕመሙ ምክንያት ሁለቱን ወይም ከዚያ በላይ ማድረግ ካቃተውና ኑሮውን ክፉኛ ከጎዳው ብቁ ነው። እዚህ ላይ ክፍያ ሊኖር ይችላል፤ ቁጠባው ከ23,250 ፓውንድ በላይ የሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይከፍላል።

የኛ ሰው የሚወድቀው ግምገማው ላይ ነው። የካውንስሉ ገምጋሚ ሶሻል ወርከር «ምግብ ይበላል?» ስትል እናት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይበላል» ትላለች። አብስላ፣ አቅርባ፣ ለምና እንደምታጎርሰው አትናገርም። ገመና ማውጣት ይመስላታል። ወረቀቱ ላይ «ችግር የለበትም» ተብሎ ይጻፋል። ሕጉ ግን ቤተሰብ የሚያግዘውን ወደ ጎን ትቶ ሰውዬው ብቻውን ምን እንደሚችል እንዲታይ ነው የሚያዘው። እባካችሁ የከፋውን ቀን ተናገሩ። እናቲቱም ለራሷ የአስታማሚ ግምገማ የመጠየቅ መብት አላት። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ የሚፈልግ ሰውም ይናገር፤ የሚያደርሰው ሰው በዕቅዱ ሊካተት ይችላል።

«ካውንስል ካወቀ ልጆቼን ይወስዳል»

የአእምሮ ሕመም ብቻውን ልጅ አያስወስድም። ፍርድ ቤት ልጁ ላይ ከባድ ጉዳት መድረሱን ወይም ሊደርስ መቻሉን ማየት አለበት።

«የመኖሪያ ፈቃዴ የመንግሥት ገንዘብ አይፈቅድም ስለሚል መጠየቅ አልችልም»

የካውንስል ሶሻል ኬር (የእንክብካቤ ድጋፍ) እና ሴክሽን 117 በዚያ ክልከላ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ጭራሽ ፈቃድ የሌለው ሰው ግን ካውንስሉ ለሆም ኦፊስ (ኢሚግሬሽንን ለሚመራው መሥሪያ ቤት) ሊያሳውቅ ስለሚችል መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

«ካውንስሉ ከስሯል፤ ምን ሊሰጠን?»

የበርሚንግሃም ከተማ ካውንስል በሴፕቴምበር 2023 አዲስ ወጪ ማቆሙን ሲያሳውቅ ይህን ከብዙ ሰው ሰማሁ። በሕግ የታዘዙ አገልግሎቶች በእንዲህ ያለ ጊዜም ይቀጥላሉ፤ ሴክሽን 117ም ኬር አክትም ከነዚያ ናቸው። የሚቆረጠው በካውንስሉ ፈቃድ የሚሰጠው ድጎማ ነው፦ የሴቶቻችን የቡና መገናኛ፣ በአማርኛና በትግርኛ የሚካሄደው የመደጋገፊያ ቡድን፣ የአዳራሹ ኪራይ። ለብዙ ታማሚ ከቤት የሚያወጣው ይኸው ነው፤ ስለዚህ ዝም ብለን ልናስረክበው አይገባም። ካውንስሎች በጀታቸውን እስከ ማርች 11 ማጽደቅ አለባቸው፤ የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስቡትም ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። የማኅበሩ ሰዎች የአካባቢያቸውን ተመራጭ ከገና በፊት ያግኙ፤ ስንት ሰው እንደሚመጣና ምን እንደጠቀመው በጽሑፍ ይስጡ። ኤፕሪል ላይ አቤቱታ ይዞ ለሚሄድ ገንዘቡ ቀድሞ ተደልድሏል።