ባለቀለም ድሮዊንግ ምንድን ነው?

«ድሮዊንጉ አሪፍ ነው፤ ግን ከለሩ ለምን አላለቀም?» ይህን አስተያየት ኢንተርኔት ላይ በሚለጠፍ ድሮዊንግ (በእርሳስ ወይም በከሰል በመስመር የሚሠራ ሥዕል) ሁሉ ሥር ማንበብ ሰልችቶኛል። ሰሞኑን ደግሞ በከሰል ተሠርቶ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀይ ፓስቴል (ቾክ የሚመስል የደረቀ ቀለም) ባረፈበት ሥራ ሥር አየሁት። ወዲያው ሌላ ሰው ሊያርም ገባ፦ «ከለር ከገባበትማ ድሮዊንግ መሆኑ ቀርቷል፣ ፔይንቲንግ ነው።» በብሩሽ የተቀባ ሥዕል ማለቱ ነው።

ሁለቱ የተከራከሩ ይመስላቸዋል። ስህተታቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም ቀለም መስመሩ ካለቀ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ነገር ነው ብለው ያስባሉ። አንዱ ገና አልመጣም ብሎ ይጠብቃል። ሌላው ደግሞ ከመጣ ሥራው ስሙን ይቀይራል ይላል።

ድሮዊንግ ስለማስተምር ይህ አስተሳሰብ የሚያደርሰውን ጉዳት በየጊዜው አያለሁ። ተማሪው በእርሳስ ጥሩ አድርጎ የጀመረውን ሥራ «አሁን ከለር ልጨምርበት» ብሎ ይነሳል። መስመሮቹን እንደ አጥር ይቆጥራቸውና ውስጣቸውን ይሞላል። ጉንጩ ሮዝ፣ ሸሚዙ ሰማያዊ፣ ዛፉ አረንጓዴ። ሲጨርስ ሥራው ሞቷል። ምን እንደነካው ግን አይገባውም። ከለር እርሳሱን ያነሳ ጊዜ መሳሉን አቁሟል፤ ከዚያ በኋላ ሲሞላ ነው የቆየው።

ስለ ከለር ዊል፣ ስለ ሞቃትና ቀዝቃዛ ቀለማት እዚህ አልናገርም። እሱን የትም ታገኙታላችሁ። የማወራው ዛሬ በሚሠራው ድሮዊንግ ውስጥ ቀለም ምን ሥራ እንዳለው ነው። ባጭሩ፣ ቀለም ይሰመራል። ከሰሉና እርሳሱ የሚሠሩትን ሥራ ይሠራል። አቅጣጫ አለው፣ ፍጥነት አለው፣ የእጅ ጫና ይታይበታል። በዚያ ላይ ጥቁሩ ሊለው የማይችለውን አንድ ነገር ይላል።

የብራና መጽሐፍ አስቡ። ጽሑፉ በጥቁር ይሄዳል። የእመቤታችን ስም ላይ ሲደርስ ቀይ ይሆናል። የቅዱሳን ስም ሲመጣ ቀይ ይሆናል። የክፍሉ መጀመሪያ መስመሮችም እንዲሁ። የፊደሉ ቅርጽ ያው ነው፣ ውፍረቱም ያው ነው። ታዲያ «ማርያም» የሚለው ስም በቀይ ስለተጻፈ «ይሄማ ጽሑፍ መሆኑ ቀርቷል፣ ሥዕል ነው» የሚል ሰው አለ? «የቀረውን ለምን በቀይ አልጨረሰውም?» ብሎ የሚጠይቅስ ይኖራል? ቀዩ ተጽፏል። ባይኖርም ጽሑፉ ይነበብ ነበር፤ ክብሩ የት እንዳረፈ ግን ዓይን ከሩቅ አይለየውም ነበር።

እዚሁ ብራና ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ያስተምራል። ቀዩ የሚሠራው ጥቁሩ ስለበዛ ነው። ገጹን በሙሉ በቀይ ጻፉት፤ ቀዩ ዝም ይላል። ነጥቦቹንም ተመልከቱ። ብዙ ብራና ላይ የዓረፍተ ነገሩ መዝጊያ ጥቁርና ቀይ ነጥብ የተቀላቀለበት ነው። ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ነጥብ ናት፣ ግን ዓይን እዚያ ላይ ይቆማል። ቆዳውስ? እሱም ቀለም አለው። ቢጫነቱ ቀዩን ያሞቀዋል፣ ጥቁሩን ያለዝበዋል። ዳር ዳሩን የተተወው ባዶ ቦታ ባይኖር ጽሑፉ ይታፈን ነበር። ድሮዊንግ የሚሠራ ሰው ወረቀቱን የሚያየው እንዲህ ነው። ነጭም ይሁን ቡናማ፣ ወረቀቱ ገና እርሳስ ሳይነካው የመጀመሪያው ቀለም ነው። አንዲት መስመር ያሰመረ ሰው ሁለት ቀለም ይዟል ማለት ነው።

ንጽጽሩ የሚያነክስበትም ቦታ አለ። በብራና ላይ ቀዩ ለማን እንደሚገባ ጸሐፊውም አንባቢውም አስቀድመው ያውቃሉ። የዛሬ ሠዓሊ ሕጉን ለየሥራው ራሱ ያወጣል። ተመልካቹ ደግሞ ሕጉን እዚያው ሥራው ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ያን ለመፈለግ ጊዜ ያልሰጠ ሰው ነው ቶሎ «አላለቀም» የሚለው።

ዊሊያም ኬንትሪጅን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለደ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የጆሃንስበርግ ሠዓሊ ነው። በ1989 በጀመራቸው ተከታታይ አኒሜሽኖች አንድ የከሰል ድሮዊንግ ይሠራል፣ ካሜራ ፊት ያቆመዋል፣ ጥቂት ይደመስሳል፣ ጥቂት ይጨምራል፣ እንደገና ያነሳዋል። የተደመሰሰው መስመር ጨርሶ አይጠፋም። ግራጫ ርዝራዡ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። አብዛኛው ነገር ጥቁር፣ ግራጫና ነጭ ነው። ከዚያ መሃል ሰማያዊ ፓስቴል ብቅ ይላል፤ ውሃ ነው። በ1994 በሠራው «ፊሊክስ በስደት» በሚባለው ፊልም ላይ ይኸው ሰማያዊ ገጸ ባሕሪው ፊሊክስ የተቀመጠበትን ክፍል ያጥለቀልቀዋል። ቀዩ ደግሞ በመሬት ቅየሳ ምልክቶችና ሜዳ ላይ በወደቁት ሰዎች አካል ላይ ይመጣል።

እስቲ ያን አስተያየት ሰጪ ልጠይቀው። እሺ፣ ከለሩን እንጨርሰው። ሰማዩን ሰማያዊ እናድርግ፣ ሣሩን አረንጓዴ፣ ልብሱን ቡናማ። ያ ውሃ ምን ይሆናል? ከሰማዩ ጋር ተመሳስሎ ይቀራል። ቀዩስ? ከሌሎቹ ቀለማት አንዱ ይሆናል። የደቡብ አፍሪካ መሬት የማን አስከሬን እንዳረፈበት የሚያስታውሰው ምልክት ጌጥ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። አልጨረስነውም፣ አጠፋነው።

«መጀመሪያ መስመር፣ ኋላ ቀለም» የሚለው ሐሳብ ከሜዳ አልመጣም። ጣሊያን ውስጥ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፍሎረንስና የቬኒስ ሰዎች በዚህ ተከራክረዋል። ፍሎረንስ ንድፍን የአእምሮ ሥራ አድርጋ ከፍ አደረገች፣ ቬኒስ ለቀለም ቆመች። የሠዓሊዎችን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ቫሳሪ እንደሚለው የፍሎረንሱ ማይክል አንጀሎ የቬኒሱን ሠዓሊ የቲሺያንን ሥራ ሮም ውስጥ አይቶ ቀለሙን አድንቋል፤ ግን ቬኒስ ውስጥ ንድፍን ከመሠረቱ ጥሩ አድርገው አለመማራቸው ያሳዝናል ብሏል። ክርክሩ በኋላ ፓሪስ ገብቶ የሥዕል አካዳሚውን ከሁለት ከፍሎታል። እኛም ጋ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጠንካራ ጥቁር መስመርና በውስጡ በተሞላ ደማቅ ቀለም ይሠራል። እዚያ ሥርዓቱ ነው፣ ውበቱም ከዚያ ነው። ስህተቱ የአንዱን ሥርዓት ይዞ ሌላውን መዳኘት ነው። ከሁሉ ይበልጥ ያበላሸን ግን ለሕፃናት የሚሸጠው የሚቀባ ደብተር ይመስለኛል።

ያም ሆኖ በቀለም መስመር መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዋቶ (1684–1721) በጥቁር፣ በቀይና በነጭ ቾክ የሠራቸውን የሰው ራሶች በደንብ በጠራ ምስል አቅርባችሁ እዩ። ጥቁሩ ፀጉር፣ ቅንድብና የዓይን ብሌን ላይ ነው። ቀዩ ደም ለቆዳ በሚቀርብበት ይመጣል፤ ከንፈር፣ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ የጆሮ ጫፍ፣ የጣት መገጣጠሚያ። ነጩ ግንባር ላይ ብልጭ ብሎ ያልፋል። የቀረውን ጉንጭ የሚሠራው ማነው? ወረቀቱ። ማንም ጉንጩን አልቀባውም። ቀዩ መስመር ከአገጩ ተነስቶ ወደ ጆሮ ሲሄድ ይወፍራል፣ ይሳሳል፣ ይቋረጣል። ያ የእጅ እንቅስቃሴ ነው፣ ድሮዊንግ ማለትም እሱ ነው።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ልምምድ ከዚህ የመጣ ነው። አንድ ካኪ ወረቀት፣ አንድ ከሰል፣ አንድ ነጭ ቾክ፣ አንድ ከለር እርሳስ። ከለር እርሳሱን ማንሳት የሚቻለው ጥቁሩና ነጩ ሊሉት የማይችሉት ነገር ሲመጣ ብቻ ነው። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ። በኋላ አንዱ የተቀመጠች ሴት ሲስል ቀዩን ለረጅም ጊዜ ሳይነካው ይቆይና ከወንበሩ ጋር የተጫነው ክንዷ ጠርዝ ላይ አንዲት አጭር መስመር ያሳርፋል። ክብደቷ በሙሉ እዚያ ይታያል። (ካኪ ወረቀት አሲድ አለው፤ ከጊዜ በኋላ ይጠቁራል፣ ይሰባበራል። ለልምምድ እንጂ ለሚሸጥ ሥራ አትጠቀሙበት።)

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰው ልምጣ፤ «ከለር ካለው ፔይንቲንግ ነው» ወደሚለው። ለሱ መልስ የሚሆነው ሶል ለዊት ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ለዊት ከ1968 ጀምሮ በቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሠሩ ድሮዊንጎች አወጣ። መመሪያውን እሱ ይጽፋል፣ ሌሎች ሰዎች ይሠሩታል። በብዙዎቹ የመጀመሪያ ሥራዎቹ ላይ አራት ዓይነት ቀጥ ያለ መስመር ብቻ አለ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ግራ ያዘመመ፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ። ቀለሞቹም አራት ናቸው፤ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። ቀለሙ የመስመሩ መታወቂያ ነው። ቀርባችሁ ስታዩ የእርሳስ ጭረት ነው። ራቅ ስትሉ ቢጫውና ሰማያዊው ዓይናችሁ ውስጥ ይቀላቀሉና ግድግዳው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ብሩሽ አልነካውም። በኋላ ላይ ደግሞ በቀለም ውሃና በአክሪሊክ ጭምር እየተሠሩ እንኳ ስማቸው የግድግዳ ድሮዊንግ እንደሆነ ቀርቷል፤ መነሻቸው ቦታን በመስመር የሚከፋፍል መመሪያ ነውና። ማሳቹሴትስ ውስጥ ማስ ሞካ በሚባለው ሙዚየም ከ2008 ጀምሮ 105 የሚሆኑት ሦስት ፎቅ ሞልተው ይታያሉ። ከለር ድሮዊንግን ፔይንቲንግ የሚያደርግ ቢሆን እዚያ ያሉት አብዛኞቹ ስማቸው ስህተት ነበር።

በተቃራኒውም ይመጣል። አዲስ አበባ በ1970 የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ በ2004 የሠራችው «ስታዲያ ሁለት» ሸራ ላይ በኢንክና በአክሪሊክ የተሠራ ነው፤ ፒትስበርግ በሚገኘው የካርኔጊ ሙዚየም አለ። ፔይንቲንግ ይባላል። ግን ተሸክሞ ያቆመው ድሮዊንግ ነው፤ የስታዲየም ንድፍ የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮች ክብ ሠርተው ይዞራሉ። በላያቸው ባንዲራና የማስታወቂያ ምልክት የሚመስሉ ባለቀለም ቅርጾች ይበራሉ። ቀለሙ መስመሮቹን አይሞላም፤ ይጥሳቸዋል። በመስመሩ ሕንፃው አንድ ነገር ይላል፣ በቀለሙ ሕዝቡ ሌላ። ስለዚህ ድንበሩን በከለር መኖር አለመኖር የሚለካ ሰው እዚህም ይሳሳታል።

አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለል። ጥቁርም ቀለም ነው። ናይጄሪያ ተወልዳ አሜሪካ ያደገችው ቶዪን ኦጂህ ኦዱቶላ በመጀመሪያ የታወቀችው በተራ ጥቁር እስክሪብቶ በሠራቻቸው የሰው ምስሎች ነው። ቆዳውን በጥቅጥቅ መስመር ትሸፍነዋለች። መስመሮቹ እንደ ጡንቻ እየታጠፉ ይሄዳሉ፣ በመሃላቸው ብርሃን ይተዋል። የእስክሪብቶ ኢንክ ሲደራረብ ይብለጨለጫል። ቆማችሁ ስትንቀሳቀሱ ጥቁሩ አንዴ ወደ መዳብ፣ አንዴ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ጥቁር ቆዳ አንድ ወጥ ነገር አለመሆኑን ያሳየችው በአንድ እስክሪብቶ ነው። ያን ሥራ «ከለር የለውም» የሚል ሰው ቆሞ አላየውም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ሳልሰጥ አላልፍም። እስክሪብቶ ውስጥ ያለው ማቅለሚያ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን አይችልም። ማርከርም እንዲሁ፣ ርካሽ ከለር እርሳስም እንዲሁ። በተለይ ሮዝና ወይንጠጅ ቶሎ ይከዳሉ። ሙዚየሞች የወረቀት ሥራን ብዙ ጊዜ 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ በሆነ ደብዛዛ ብርሃን የሚያሳዩት፣ ከጥቂት ወራት በኋላም አውርደው የሚያሳርፉት ለዚህ ነው። እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ መስኮት ፊት ለፊት ሰቅለን «ከለሩ ለምን ጠፋ» እንላለን። አንዲት ቀይ መስመር ሥራውን በሙሉ በተሸከመችበት ድሮዊንግ ላይ የሷ መደብዘዝ የሥራው መጥፋት ነው።

ፊክሳቲቭም (ከሰል እንዳይራገፍ ሥራው ላይ የሚነፋው ፈሳሽ) ጣጣ አለው። ከሰሉን ይይዛል፣ ነጩን ቾክ ግን ያደበዝዘዋል፣ ፓስቴሉን ያጠቁረዋል። ስለዚህ ከሰሉን ጨርሳችሁ መጀመሪያ ፊክሳቲቩን ንፉ፤ ቀለሙንና ነጩን ከዚያ በኋላ አሳርፉ። ቀለሙ ሳይነካካ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ፍሬም ስታሠሩ መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ በሁለቱ መሃል ዳር ዳሩን ወፍራም ካርቶን ይግባበት።

ፎቶ ስታነሱም ተጠንቀቁ። የስልክ ካሜራ በራሱ ፈቃድ ካኪውን ወደ ግራጫ፣ ክሬም ወረቀቱን ወደ ነጭ ይመልሰዋል። ወረቀቱ ሲነጣ ነጩ ቾክ ይሰወራል፣ ቀዩም ያለ ቅጥ ይጮኻል። በቀን ብርሃን ጥላ ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ፣ የወረቀቱ ጠርዝ አራቱንም ጎን እንዲታይ አድርጋችሁ አንሱ። ከዚያ ስልኩንና ሥራውን ጎን ለጎን ይዛችሁ ወረቀቱ ወረቀቱን እስኪመስል ድረስ አስተካክሉ፤ ቀዩን ከዚያ በፊት አትንኩት።